ብላቴናይቱ ስትጠየቅ

የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት። ለንባብ፦ ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 24፤ ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 27፥1-11 እና ምዕራፍ 36።



የሰርግ ወራት በቀረበ ቍጥር፥ ጥር ሳይገባ ወይም የትንሣኤ በዓል ሲቃረብ፥ ወደ ማኅበር ሽማግሌዎች የሚመጣ አንድ ጉዳይ አለ። አንዳንድ ጊዜ ይዞት የሚመጣው አባት ነው፤ ልጄ የመረጥሁላትን ሰው እንቢ ብላ በወገኔ ፊት አሳፈረችኝ ይላል። አንዳንድ ጊዜ እናት ናት፤ እርስዋም ባልዋ ሳያውቅ መጥታ በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን እየጠረገች ትናገራለች። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ብላቴናይቱ ራስዋ ትመጣለች። የመዘምራን ልምምድ ካለቀ በኋላ ጓደኞችዋ ሁሉ እስኪሄዱ ድረስ የመዝሙር መጽሐፎችን የምታስተካክል መስላ ትቆያለች፤ ከዚያም ለመናገር አፍዋን ትከፍታለች፥ መልሳም ትዘጋለች።

በዚህ ነገር እኛ ንጹሓን አይደለንም። ስለዚህ ወደ ንባቡ ሳንገባ በእጃችን የሆነውን እንናገራለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሽማግሌነት በምናገለግልበት በአንድ የደጋ ማኅበር ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች፥ በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን የምታስተምር አንዲት ልጅ ነበረች። ከእርስዋ ጋር በመዘምራን የሚያገለግል አንድ ጐልማሳ ወደዳት፥ እርስዋም ወደደችው። ጐልማሳው በከተማው አልጋና ወንበር እየሠራ የሚኖር፥ መጠጥ የማያውቅ፥ ለእናቱም የሚታዘዝ ሰው ነበረ። ሽማግሌም ላከ። የልጅቱ አባት መልካም ሰው ነው፤ የማኅበሩ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ድንጋይ በትከሻው የተሸከመ ነው። ነገር ግን የጐልማሳው አያት ቀጥቃጭ እንደ ነበረ በሰማ ጊዜ ፊቱ ተለወጠ። የእነርሱ ዘር ከአጥንቴ ጋር አይቀላቀልም አለ። በዚያው ሳምንትም ለልጁ ሌላ ሰው፥ ዘሩ የታወቀ ነጋዴ፥ አዘጋጀና እኛን እንድንመክራት ለመነን።

ሄድን። ቡና ጠጣን። ልጅቱ ከረከቦቱ አጠገብ አቀርቅራ ቆማ ሳለ ስለ አራተኛው ትእዛዝ ነገርናት፤ አባትና እናት እንዴት እንደሚከበሩ፥ የወላጅ ምርቃት እንዴት ያለ ስንቅ እንደ ሆነ አስረዳናት። የተናገርነው ሁሉ ከመጽሐፍ ነበረ። እርስዋ ምንም አልመለሰችም። ከእኛ አንዱ፥ ዝም ማለትዋ እሺ ማለትዋ ነው አለ፤ ጸልየንም መርቀንም ወጣን። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ዳሱ ተጣለ፥ በሬው ታረደ፥ እርስዋም ተዳረች።

ከሁለት ዓመት በኋላ ልጅ አዝላ ወደ አባትዋ ቤት ተመለሰች። በዚያ ቤት ስለ ደረሰባት ነገር እዚህ አንጽፍም። አባትዋ አንድ ማታ ወደ ቤታችን መጣ፤ ቁጭ በል ብንለው አልተቀመጠም። እንዲህም አለ፦ «እኔ አባት ነኝ፤ ክብሬ ተነካ ብዬ ተቈጣሁ፥ ዐይኔም ታወረ። እናንተ ግን ሽማግሌዎች ነበራችሁ። ስለ ምን አልጠየቃችኋትም?»

ይህ ጥያቄ ነው ዘፍጥረት ምዕራፍ 24ን እንደ ገና እንድናነብ ያደረገን። እናንተም መጽሐፉን ከፍታችሁ ተከታተሉን።

አብርሃም ሸምግሎ ነበረ፤ ለልጁ ለይስሐቅ ሚስት ይፈልግ ዘንድ የቤቱን ሽማግሌ ሎሌ ላከ። ዐሥር ግመሎች ተጫኑ፤ ሎሌውም ሲመሽ፥ ሴቶች ውኃ ሊቀዱ በሚወጡበት ሰዓት ከጕድጓዱ አጠገብ ደረሰ። በዚህ ታሪክ ውስጥ የአገራችን ሰው የማያውቀው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ዘመድ ተቈጥሯል። ሽማግሌ ተልኳል። ወርቅና ብር፥ ልብስም ለብላቴናይቱ ተሰጥቷል፤ ለወንድምዋና ለእናትዋም እጅ መንሻ ቀርቧል፤ ይህም እኛ ጥሎሽ የምንለው ነው። ሎሌው ማዕድ በቀረበለት ጊዜ ጉዳዬን ሳልናገር አልበላም ማለቱ፥ በሩ ላይ ቆሞ ነገሬ ሳይሰማ አልቀመጥም የሚለውን የእኛን ሽማግሌ ይመስላል። እንግዲህ መጽሐፍ ቅዱስ ሥርዓትንና ወግን የሚንቅ መጽሐፍ አይደለም። ወግ ሁሉ ከአሕዛብ ነው ብለው የሽማግሌን መላክ የሚያቃልሉ ወጣቶች ይህን ምዕራፍ በዝግታ ቢያነቡት መልካም ነው።

ነገር ግን በዚህ ሁሉ ወግ መካከል ሁለት ቦታዎች አሉ፤ እነዚያን ነው እኛ ዘልለናቸው የነበረው።

ሁለተኛውን ሁሉም ያውቀዋል፦ ርብቃ ተጠርታ ከዚህ ሰው ጋር ትሄጂያለሽን ተብላ ተጠየቀች፥ እርስዋም እሄዳለሁ ብላ መለሰች። ይህን ስናስተምር አንዳንድ ሰዎች ይከራከሩናል፤ ክርክራቸውም ከንቱ አይደለም። አባትዋ ባቱኤልና ወንድምዋ ላባ ማታውኑ ነገሩን ጨርሰው ነበር፤ ርብቃ የተጠየቀችው በማግሥቱ፥ ዐሥር ቀን ያህል ትቆይ በተባለ ጊዜ፥ ስለ መንገዱ ቀን ብቻ ነው ይላሉ። ነገሩ እንዲህ መሆኑን አንደብቅም። የታሪኩ ተራ እነርሱ እንዳሉት ነው።

ስለዚህ ወደ ፊተኛው ቦታ፥ ወደ ቍጥር 5 እና 8 እንመለስ። ሎሌው ገና ከቤት ሳይወጣ፥ ሴቲቱ ልትከተለኝ ባትወድስ ብሎ ጌታውን ይጠይቃል። አብርሃምም እንቢ ካለች አንተ ከመሐላህ ንጹሕ ትሆናለህ ብሎ ይመልስለታል። ይህን መልስ ሳናስተውል እንዳናልፈው። አብርሃም የተስፋው አባት ነው። እንደ ሰማይ ኮከብ ይበዛል የተባለው ዘር የሚመጣው በዚህ ጋብቻ ነው። ከዚህ የሚበልጥ የቤተ ሰብ ጉዳይ ያለው አባት በምድር ላይ አልነበረም። እርሱም ሎሌውን እጁን ከጭኑ በታች አስደርጎ አስምሎ ሲልክ፥ ስምዋን እንኳ ለማያውቃት ብላቴና እንቢ የምትልበትን ቦታ ተወላት። የእግዚአብሔር ተስፋ በአንዲት ልጅ እንቢታ ይጠፋል ብሎ አልፈራም። እኛ ግን የአንድ ነጋዴን ቤት ላለማስቀየም ስንል ያንን ቦታ ዘጋንባት።

ከዚህ ምዕራፍ ሳንወጣ ስለ ላባ ጥቂት እንበል። እኅቱ ስትጠየቅ በቤቱ የነበረው ይህ ሰው፥ ከዓመታት በኋላ እርሱ ራሱ የሁለት ሴቶች ልጆች አባት ሆነ። ያን ጊዜ ልያንም ራሔልንም አልጠየቀም። ልያን በጨለማ አሳልፎ ሰጠ፤ ያዕቆብ ሲነጋ ባወቀና በጮኸ ጊዜም ላባ የመለሰው መልስ ወግን ነበር፦ በአገራችን ታናሺቱ ከታላቂቱ በፊት አትዳርም አለ። ወጉ እውነተኛ ወግ ሊሆን ይችላል። ላባ ግን ያስታወሰው ለጥቅሙ በሚያስፈልገው ሰዓት ነው፤ ሰባቱን ዓመት ሙሉ ያዕቆብ ለራሔል ሲገዛ አንድ ቀን እንኳ አላነሣውም። ሁለቱ እኅትማማች በብዙ ነገር ሲጣሉ የኖሩ ናቸው፤ በምዕራፍ 31 ግን ስለ አባታቸው በአንድ ድምፅ ይናገራሉ፤ እንደ ባዕድ ሸጦን ዋጋችንንም በላ ይላሉ። ሴቶች ልጆች ያልዋችሁ አባቶች ይህን ምዕራፍ ብቻችሁን ሆናችሁ አንብቡት።

አሁን ወደ ኦሪት ዘኍልቍ እንሂድ። ሰለጰዓድ የሚባል ሰው ወንድ ልጅ ሳይኖረው በምድረ በዳ ሞተ፤ አምስት ሴቶች ልጆች ነበሩት፤ ስማቸውም ማህለህ፥ ኑዓ፥ ዔግላ፥ ሚልካ፥ ቲርጻ ነው። መጽሐፉ የአምስቱንም ስም አንድ በአንድ ይጠራል። እነርሱም በሙሴና በካህኑ፥ በአለቆቹና በማኅበሩ ሁሉ ፊት ቆመው የአባታችን ርስት ለእኛ ይሰጠን አሉ፤ እግዚአብሔርም እውነት ተናገሩ ብሎ ፈረደላቸው። በምዕራፍ 36 ግን የነገዱ አለቆች መጥተው አቤት አሉ፦ እነዚህ ልጆች ወደ ሌላ ነገድ ቢዳሩ ርስቱ ከእኛ ወጥቶ ወደ ሌላ ይሄዳል። አቤቱታቸው ከንቱ አልነበረም። ስለዚህ ሁለቱን የሚያስታርቅ ፍርድ ተሰጠ፤ ልጆቹ ደስ የሚያሰኛቸውን ያግቡ፥ ነገር ግን ከአባታቸው ነገድ ውስጥ ይሁን የሚል ነው።

የደጋ ሰው ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም። በአያቶቻችን ዘመን ሴት ልጅም ርስት ትካፈል ነበርና ጋብቻ የሁለት ሰዎች ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ የማሳ ድንበር፥ የበሬ ጥማድ፥ የሙግት ወገን ጉዳይ ነበረ። ከሁለቱም ወገን ከብቱ ተቈጥሮ፥ ዘሩ እስከ ሰባት ቤት ተጠይቆ፥ ከዚያ በኋላ ነበር ነገሩ የሚያልቀው። አባቶቻችን ይህን ያደረጉት ጨካኞች ስለ ሆኑ አይደለም። ድሃ አገር ውስጥ ልጃቸው እንዳትራብ፥ ከዘመድዋም ጋር ሳታውቅ እንዳትጋባ ስለ ፈለጉ ነው። ነገር ግን በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ በአዋጅ የሕዝብ ንብረት ሆነ፤ የቀድሞው ርስት ቀረ። ርስቱ ሲቀር ርስቱን ይጠብቅ የነበረው አጥር ግን አልፈረሰም፤ ዛሬ ባዶ ማሳ ይጠብቃል። አጥንት እንላለን፥ ዘር እንላለን፥ ከአጥሩ በስተ ኋላ የሚጠበቀው ምን እንደ ሆነ ግን ብንጠየቅ መልስ የለንም።

ከዚህም በላይ ለክርስቲያን አጥሩ ተዛውሯል። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ 7፥39 ባልዋ ስለ ሞተባት ሴት ሲናገር፥ የወደደችውን ለማግባት አርነት አላት፥ ብቻ በጌታ ይሁን ይላል። የተናገረው ስለ መበለት መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ይህን ቃል ከዘኍልቍ ቃል ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ ተመልከቱ። በዚያ፥ ደስ የሚያሰኛቸውን፥ ብቻ በነገዱ ውስጥ። በዚህ፥ የወደደችውን፥ ብቻ በጌታ። የሴቲቱ መውደድ በሁለቱም ቦታ ጸንቶ ቆሟል። የተለወጠው ወሰኑ ነው። በክርስቶስ የተጠመቀን ጐልማሳ በአያቱ መዶሻ ምክንያት ከቤታችን የምንመልስ ከሆነ፥ ሐዋርያው ያፈረሰውን ወሰን መልሰን እየገነባን ነው።

ስለዚህ ስለ እጅ ሥራ ዘር በግልጥ እንነጋገር፤ በደጋ ማኅበሮቻችን ውስጥ በሹክሹክታ የሚነገር እንጂ ከመስበኪያው የማይሰማ ነገር ነውና። ቀጥቃጭ፥ ፋቂ፥ ሸማኔ፥ ሸክላ ሠሪ እየተባሉ የተናቁ ሰዎች፥ ማረሻችንን ያሾሉልን፥ ልብሳችንን የሸመኑልን፥ ድስታችንን የሠሩልን ናቸው። ቡዳ ናቸው እየተባለም ልጆቻችንን ከእነርሱ ስናሸሽ ኖረናል። በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብን ሰው የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖአል። ንጉሥ በአዋጅ የከለከለውን እኛ ወንጌል ተቀብለን ሳለ በልባችን ይዘነዋል። ጌታችን የጸራቢ ልጅ ተባለ፤ የተባለውም በንቀት ነበር። ጳውሎስ ድንኳን ሰፊ ነበረ። ጴጥሮስ በኢዮጴ ብዙ ቀን የተቀመጠው በቍርበት ፋቂው በስምዖን ቤት ነው። ሙሴ ኢትዮጵያዊት ባገባ ጊዜ በእርሱ ላይ ያጕረመረመችው ማርያም በለምጽ እንደ ተመታች ደግሞ በዘኍልቍ ምዕራፍ 12 ተጽፎአል። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ምዕራፍ በደስታ እናነባለን፤ በዚያ ታሪክ ውስጥ እኛ የተናቀችው ሙሽራ ነንና። በአገራችን ውስጥ ግን የማርያምን ሥራ የምንሠራው እኛው ነን።

የቤተ ክርስቲያናችን መምህር ማርቲን ሉተር ይህን ጉዳይ ሳይነካ አላለፈውም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1524 ወላጆች ልጆቻቸውን በጋብቻ እንዳያስገድዱና እንዳይከለክሉ፥ ልጆችም ያለ ወላጆቻቸው ፈቃድ እንዳይተጫጩ የሚያስተምር አጭር ጽሑፍ አወጣ። ለወላጅ የተሰጠው ሥልጣን ልጅን ለማነጽ እንጂ ለመጕዳት እንዳልሆነ፥ የማትወደውን ሰው እንድታገባ ማስገደድም ከዚያ ሥልጣን ውጭ እንደ ሆነ አስረዳ። በዚያው ጽሑፍ በስውር የሚደረግን መተጫጨት ነቀፈ። ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ ነው የጻፋቸው።

ይህን በጻፈበት ዓመት ነገሩ በገዛ ደጁ ነበረ። ካታሪና ፎን ቦራ የምትባል፥ በ1523 ከገዳም የወጣች ወጣት ሴት በዊተንበርግ ትኖር ነበር። ሔሮኒመስ ባውምጋርትነር የሚባል የኑረምበርግ ጐልማሳ ወዶአት፥ እርስዋም ወዳው ነበር። እርሱ ግን ወደ አገሩ ከሄደ በኋላ አልተመለሰም፤ ቤተ ሰቡ ከገዳም የወጣችን ሴት አልፈለጉም ይባላል። ሉተር ራሱ ለጐልማሳው፥ ከፈለግሃት ፍጠን ብሎ ጻፈለት፤ አልሆነም። ከዚያ በኋላ ካስፓር ግላትስ ለሚባል ቄስ እንድትሆን ታሰበ። ካታሪና እንቢ አለች። ዝም አላለችም፤ ወደ ሉተር ወዳጅ ወደ ኒኮላውስ አምስዶርፍ ሄዳ፥ ግላትስን አላገባም፥ አንተ ወይም ዶክተር ሉተር ብትጠይቁኝ ግን እንቢ አልልም አለች። በሰኔ 1525 ሉተርን አገባች። የሉተር አባትና እናት በሰርጉ ግብዣ ተገኝተው ነበር። በስሟ የምንጠራት የቤተ ክርስቲያናችን የቄስ ቤት እናት፥ አንድ ቄስ እንቢ ያለች ሴት መሆንዋን ሴቶች ልጆቻችን ቢያውቁ ደስ ይለናል።

እናንተ ወጣት እኅቶቻችን ግን እስካሁን የተጻፈው ሁሉ ለአባቶች ነው ብላችሁ እንዳትተዉን። መውደድ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ይስሐቅ ርብቃን አገባ፥ ወደዳትም፤ ያዕቆብ ራሔልን ወደዳት፥ አገባትም። አባትየው ካገባ በኋላ ወደደ፥ ልጅየው ወዶ አገባ፤ መጽሐፉም አንዱን ከሌላው አያስበልጥም። ነገር ግን የተሰወረ መውደድ አደጋ አለበት። ሌላም ታሪክ እናውቃለን፤ በስልክ የተዋወቀችውን ሰው ብላ፥ ለእናትዋ እንኳ ሳትነግር ወደ ከተማ የሄደች ልጅ። ሰውየው በሌላ ከተማ ሚስትና ሁለት ልጆች ነበሩት። የላከው ሽማግሌ ስላልነበረ የጠየቀ ሰው አልነበረም። የአገራችን ሽማግሌ፥ ከማን ተወለደ፥ ምን ይሠራል፥ ሚስት አለውን፥ ዕዳ አለበትን ብሎ የሚመረምረው አንዳንድ ጊዜ ለአጥንት ሲል ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ለእናንተ ሲል ነው። የሚወዳችሁ ሰው በአባታችሁ ደጅ ለመቆም የሚፈራ ከሆነ፥ የሚፈራው አባታችሁን ነው ወይስ ጥያቄውን? ይህን ለራሳችሁ መልሱ።

እኅቶቻችን፥ ሌላም ነገር አለ። ጨዋ ልጅ እንድታቀረቅር፥ የነጠላዋን ጫፍ እንድትነክስ፥ በታላላቆች ፊት ድምፅዋን እንዳታሰማ ተምራለች። ይህ ትሕትና መልካም ነው፤ እናቶቻችን ያስተማሩት ነውና አንንቀውም። ነገር ግን ሽማግሌዎች ይህን ዝምታ እንዴት እንደሚተረጕሙት ከላይ አይታችኋል። ለአባታችሁ መናገር ባትችሉ ለእናታችሁ፥ ለእናታችሁ ባትችሉ ለአክስታችሁ ወይም ለማኅበሩ እናቶች ለአንዲቱ ተናገሩ። የማልወደው ነው ማለት አባትን ማዋረድ አይደለም። አራተኛው ትእዛዝ ልጅን ለወላጅ እንድትዋሽ አያዝዝም፤ ባልወደደችው ሰው ፊት ቆማ እወደዋለሁ ማለት ደግሞ በእግዚአብሔር ፊት መዋሸት ነው።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር እንጨምር። ዛሬ ብዙ ሴቶች ልጆቻችን ወደ ዐረብ አገር ሄደው በሰው ቤት ሠርተው፥ የወላጆቻቸውን ጎጆ ቆርቆሮ አልብሰው፥ የወንድሞቻቸውን ትምህርት ከፍለው ይመለሳሉ። ቤቱን ያቆመች ልጅ ስለ ጋብቻዋ ግን ገና ሕፃን ናት ትባላለች። ገንዘብዋ ሲመጣ አዋቂ፥ ቃልዋ ሲመጣ ሕፃን ማድረግ ለእኛ ፍትሕ አይመስለንም።

የአገሩም ሕግ በዚህ ነገር ተለውጦአል፤ ማኅበሮችም ሊያውቁት ይገባል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15 ዓመት፥ ለወንድ 18 ዓመት ወስኖ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 አደረገው፥ ያለ ሁለቱ ተጋቢዎች ነጻ ፈቃድም ጋብቻ የለም አለ። በቀድሞው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ ቢያገባት ከቅጣት ይድን ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. የጸናው የወንጀል ሕግ ይህን በር ዘጋው፥ ለጠላፊውም ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ወሰነበት። ስለዚህ ጠለፋ ከሆነ በኋላ በሽማግሌ እናስታርቅ ለሚሉ ሰዎች የማኅበር ሽማግሌ ተባባሪ መሆን አይገባውም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ቄሱ በሰርጉ ቀን ሙሽራይቱን በጉባኤ ፊት ይጠይቃት የለምን የሚል ይኖራል። ይጠይቃታል። ነገር ግን ያን ጊዜ ዳሱ ተጥሎአል፥ ጠላው ተጠምቆአል፥ ዘመድ ከሩቅ አገር መጥቶአል፥ ሚዜዎቹ በር ላይ ቆመዋል። በዚያ ሰዓት አይደለም ልትል የምትችል ልጅ ከሺህ አንዲት ናት። ጥያቄ የሚባለው እንቢ ለማለት ጊዜ ሲኖር የሚጠየቀው ነው።

ስለዚህ በማኅበራችን ከዚያ ወዲህ እንዲህ እናደርጋለን። ጥሎሽ ከመቀበሉ በፊት፥ ቃልም ከመታሰሩ በፊት፥ ሁለት ያረጁ እናቶች ወደ ልጅቱ ቤት ይሄዳሉ። አባት በዚያ ሰዓት ከቤት እንዲወጣ በአክብሮት ይለመናል፤ አንዳንዱ ይቈጣል፥ ቢሆንም ይወጣል። እናቶቹም የሰውየውን ስም ጠርተው ይጠይቋታል፤ ዝም ብትል ዝምታዋን አይተረጕሙላትም፥ ሌላ ቀን ይመለሳሉ። አባት የልጁን ምርጫ እንቢ ያለ እንደ ሆነም ምክንያቱን እንጠይቀዋለን። ምክንያቱ ስለ ሰውየው ኑሮ ከሆነ፥ ይጠጣል፥ ሚስት አለው፥ እምነቱን ትቶአል የሚል ከሆነ፥ ልጅቱ ትሰማ ዘንድ ከአባትዋ ጋር ቆመን እንናገራታለን። ምክንያቱ አጥንት ከሆነ ግን ከልጅቱ ጋር ቆመን አባትን እንናገረዋለን። ይህን ማድረግ ቀላል አይደለም። በዚህ ምክንያት አንድ ቤተ ሰብ ከእኛ ተለይቶ ወደ ሌላ ማኅበር ሄዶአል።

በቅርቡ እነዚህ እናቶች ወደ አንድ ቤት ሄደው ነበር። ሰውየው መልካም ነው፥ ቤተ ሰቡም መልካም ነው፥ ሁሉም ነገሩ ያለቀ መስሎት ነበር። ልጅቱ በመጀመሪያው ቀን ምንም አልተናገረችም። እናቶቹ ቡናውን ጠጥተው፥ ስለ ዝናቡና ስለ ጤፉ ተጨዋውተው ተመለሱ። በሳምንቱ ደግሞ ሄዱ። ያን ጊዜ ልጅቱ ቀና ብላ፥ «ሰውየውን አልጠላሁትም፤ ነገር ግን አላውቀውም። ጊዜ ስጡኝ» አለች። አባትዋ ይህ ሲነገረው ለጥቂት ጊዜ መሬት መሬት አየ፤ ከዚያም ወደ ልጁ ቤተ ሰብ መልእክት ላከ። ለዳሱ የተቈረጠው እንጨት ከቤቱ ጓሮ ተከምሮ እስካሁን እዚያው አለ።